የወይን አተላና የሽማግሌ ጺም

መቼ እንደነበር ቁርጡን ንገረን ብላችሁ አታስጨንቁኝ፤ አላስታውሰውም። ሚስቴ ተዋበች «ፍሪጁ የተበላሸ ሰሞን ነው» ትላለች። ወዳጄ ሐጂ ዩሱፍ «ከረመዳን በኋላ፣ ከአረፋ በፊት» ይላል። እኔ የማስታውሰው የግቢዬ ወይን ደርሶ፣ ተጨምቆ፣ ጠጁ ጠርሙስ መግባቱን፣ ድሬም ፀሐይዋን ሰው አናት ላይ ደፍታ መቀመጧን ነው። ይኼ ደግሞ ምልክት አይሆንም። ድሬ ፀሐይዋን ያነሳችው መቼ ነው?

ሰው ሲያረጅ ቀን ይረሳል፤ ያሳከከውን ቦታ ግን አይረሳም። የእኔም ነገር የሚጀምረው ከማሳከክ ነው።

ሙቀቱ አገጬ ሥር፣ እጺሜ ውስጥ ገብቶ ሽፍ አደረገብኝ። ለሕፃን ቢሆን ፓውደር ይነሰነስለታል። ጺም ውስጥ ፓውደር ቢነሰንሱ ግን ሰውዬው ከወፍጮ ቤት የወጣ ይመስላል እንጂ ማሳከኩ አይለቀውም። ቁጭ ብል ያሳክከኛል፤ ብነሳ ያሳክከኛል። ከወይኑ ዳስ እስከ በሩ፣ ከበሩ እስከ ወይኑ ዳስ ስመላለስ እዋላለሁ።

«ተላጨውና ተገላገል!» አለችኝ ተዋበች።

ቀላል ነገር መሰላት። ጺሜ እኮ የእኔ ብቻ አይደለም፤ የሰፈሩ ጺም ነው። ነጭ ነው፣ ወርዶ ደረቴን ይነካል። ባልና ሚስት ሲኳረፉ፣ ዕቁብተኛ ሲጣላ፣ የሚጠሩት እኔን ሳይሆን እሱን ነው፤ እኔ ተከትዬው እሄዳለሁ። ሽማግሌ ያለ ጺም ማለት ባቡር ያለ ፊሽካ ነው፤ ቢመጣም መምጣቱን የሚያውቅለት የለም። ዕድሜዬን ባቡር ላይ ፍሬን ሳጠብቅ የጨረስኩ ሰው ነኝና ምሳሌዬ ሁሉ ወደ ሐዲድ ይሄድብኛል፤ ታገሡኝ።

ያን ሰሞን ደግሞ ጺሜ ከምንጊዜውም ይልቅ የሚፈለግበት ጉዳይ ነበር። ሳምሶን የሟች እህቴ ልጅ ነው። እናቱ ስትሞት ገና የጫማውን ክር ማሰር አያውቅም ነበር፤ እኔና ተዋበች ነን ያሳደግነው። አሁን ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ስፌት ላይ ይሠራል። እዚያው ትዕግስት የምትባል ልጅ ወደደ። ስሟን አፍሮ አይጠራትም፤ «እኛ ጋ ያለች አንዲት ልጅ እንዲህ አለች፣ አንዲት ልጅ እንዲያ አለች» እያለ እራት ይበርዳል። አንዲት ልጅ ብቻዋን ያን ያህል ልታወራ እንደማትችል ተዋበች ቀድማ ገባት። እኔ የገባኝ «ጋሼ፣ ሽማግሌ ይላኩልኝ» ሲለኝ ነው።

የልጅቷ አባት አቶ በላቸው ናቸው፤ ዕድሜ ልካቸውን የጉምሩክ ሰው የነበሩ። ጡረታ የወጡት ከመሥሪያ ቤቱ ነው እንጂ ከፍተሻው አይደለም። በኮሮና ጊዜ ግቢያቸው በር ላይ የተከሏት የእጅ መታጠቢያ በርሜል እስከ ዛሬ አልተነሳችም። በሽታው ከድሬ ወጥቶ ሄዷል፤ የአቶ በላቸው በርሜል ግን ኬላ ላይ እንደተያዘ ዕቃ እዚያው ናት። እንግዳም ይሁን ዘመድ፣ እጁን በሳሙና ሳይታጠብ የሚያልፍ የለም።

መጀመሪያ የሄድን ዕለት ሦስት ነበርን። እኔ፤ ሐጂ ዩሱፍ፣ የመጋላው፣ እኔ ፍሬን ስይዝ እሱ ባቡሩን ይነዳ የነበረ፣ ጺሙን በሒና አቅልቶ የሚያንቆጠቁጥ ወዳጄ፤ ሦስተኛው ባሻ ደምሴ። ሐጂ እስላም ሆኖ ለክርስቲያን ልጅ ሽማግሌ መሄዱ የሚገርማችሁ ካላችሁ ድሬን አታውቋትም። እኛ ዘንድ ሽማግሌ የሚመረጠው በጺሙ ነው። ባሻ ደምሴ ደግሞ ጆሮው ደክሟል። ሽምግልና ላይ መስማት እምብዛም አያስፈልግም ብሎ ያምናል፤ ሰው ዝም ባለ ቁጥር «አሜን» ይላል። እስከዚያ ቀን ድረስ ይኼ ዘዴ አሳፍሮት አያውቅም ነበር።

ቆመን ገና «ልጅዎን ለልጃችን» ከማለቴ ሽፍታው ተነሳ። እጄ ሳላዘው ወደ አገጬ ሄደ። አከክሁ። አቶ በላቸው ስለ ልጁ አባት ጠየቁኝ፤ አከክሁ። ስለ ጤናው ጠየቁኝ፤ በሁለት እጄ አከክሁ።

«ይስሙኝ፣» አሉ ረጋ ብለው። «ስንት ዘመን ሻንጣ ስፈትሽ ኖሬያለሁ። ኮንትሮባንድ የያዘ ሰው በምን ይለያል መሰልዎ? አርፎ መቆም አይችልም። ምንድን ነው የሚደብቁኝ?»

«ሙቀት ነው» አልኳቸው።

«ሙቀቱ ለእኔም ነው። እኔ ግን አላክም።»

ከዚያ ቀጠሮ ሰጡን። የሚቀጥለው እሑድ፣ ከሰዓት በኋላ። «ያን ቀን ቀጥ ብላችሁ ቆማችሁ፣ ቀጥ ያለውን ነገር ካልነገራችሁኝ ለሦስተኛ ጊዜ እንዳትደክሙ» አሉ። ሁላችንም ዝም አልን።

«አሜን» አለ ባሻ ደምሴ።

ማታ ሳምሶን እራቱን አልበላም። ሳይቆጣኝ፣ ዓይኔን ሳያይ፣ «ጋሼ፣ እሑድ ግን ትንሽ ቻል ያደርጉታል አይደል?» አለኝ። እጄን አስሬም ቢሆን ብዬ ማልኩለት። እየማልኩም አከክሁ።

በዚያው ሳምንት የተዋበች ወንድም ልጅ ሰብለ መጣች። ዩኒቨርሲቲው ቤተ ሙከራ ውስጥ ነው የምትሠራው። ጠጁን ፈልጋ የመጣች መስሎኝ ጠርሙስ ሳነሳ፣ «የለም ጋሼ፣ አተላውን ነው የምፈልገው» አትለኝም?

አተላ ማለት ወይኑ ተጨምቆ ካበቃ በኋላ ጋኑ ሥር የሚቀረው ልጣጩና ፍሬው ነው። እኔ ወይኑ ግንድ ሥር ነው የምደፋው፤ ዶሮዎች ይጭሩታል፣ ከዚያ ማንም አያስታውሰውም። ልጅቷን ፀሐይ መታት እንዴ ብዬ ወደ ጥላ ሳብኳት።

«ምን ያደርግልሻል?»

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ጠጁን አስቀርተው መድኃኒቱን ነው የሚደፉት» አለችኝ። ከዚያ እያሳየች አስረዳችኝ። ልጣጩ ውስጥ ቀለሙ አለ፤ ፍሬው ውስጥ ዘይት አለ። ወይኑ ራሱን ከፀሐይና ከተባይ የሚከላከልበት ነገር አብዛኛው እዚያ ነው የሚቀረው። እነሱ ያደርቁታል፣ ይፈጩታል፣ አልኮል ውስጥ ይነክሩታል፣ ትንሽ አሲድ ጠብ ያደርጉበታል፣ ያጠልሉታል፣ አልኮሉን ያተኑታል፤ የሚቀረው ለምግብ ቀለም ይሆናል፤ ለቆዳ ቅባትም እየተሞከረ ነው። «የተቆጣ ቆዳ ያበርዳል የሚሉ አሉ። ግን ገና ነው ጋሼ፣ እየተጠና ነው፤ እቤት የሚሞከር ነገር አይደለም» አለችኝ።

ያረጀ ጆሮ ወንፊት ነው፤ ዱቄቱን ያሳልፍና እንክርዳዱን ይይዛል። «የተቆጣ ቆዳ ያበርዳል» የሚለው ቀረልኝ፤ «እቤት አይሞከርም» የሚለው ከዱቄቱ ጋር አለፈ። አተላውን በጆንያ ጫንኩላት። ሁሉንም ግን አልጫንኩም፤ አንድ ባልዲ ከጋኑ ጀርባ ቀረ።

ልጅቷ እንደሄደች ሥራ ጀመርኩ። አተላውን የቆርቆሮ ክዳን ላይ አሰጣሁት። እነሱ ማድረቂያ መሣሪያ አላቸው አሉ፤ እኔ ድሬ አለችኝ። ገና ዞር ስል እርግቦቹ ወረዱበት። እነሱን ስጠብቅ፣ ስከላከል፣ በጨርቅ ሳባርር ዋልኩ፤ ማሳከኩ አላስቀመጠኝም፣ እርግቦቹ አላስቆሙኝም። ሲደርቅ በሙቀጫ ወቀጥኩት። አልኮል የሚለውን ደግሞ ማን ያጣዋል? ተዋበች ለማኅበር ያስቀመጠቻት የአረቄ ጀሪካን አለች። ቀዳሁና ነከርኩት።

ተዋበች ግቢውን ስትጠርግ ሽታው አገኛት።

«በዚህ ጠዋት!» አለች፣ መጥረጊያዋን እንደያዘች።

«ለመድኃኒት ነው።»

«የሰፈሩ ሰካራም ሁሉ ለመድኃኒት ነው የሚለው። አሁን በዚህ ዕድሜህ ከእነሱ ጋር ልትሰለፍ?»

እንዳልጠጣሁ ለማሳየት እፍ አልኩባት። አላመነችኝም፤ ጀሪካኗን ግን ይዛት ገባች። እኔ የሚበቃኝን ወስጄ ነበር።

የቀረችኝ «ትንሽ አሲድ» የምትለዋ ነበረች። ስለ እሷ ብዙ አሰብኩ። አሲድ እኔ የማውቀው የባትሪ አሲድ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ሱሪ ሲበሳ አይቻለሁ። ይኼን ጺም ላይ የሚያፈስ እብድ ብቻ ነው፤ እነዚህ የተማሩ ልጆች ከቆዳ ቆዳ አይለዩም ብዬ አሲዷን ከነጭራሹ ተውኳት። ያን ቀን በብልጠቴ ኮርቼ ለራሴ ብቻዬን ሳቅሁ። ያበላሸኝ እሱ ነው።

አጥልዬ ፀሐይ ላይ አኖርኩት። አረቄው ተኖ አለቀና እንደ ተምር ማር የወፈረ፣ የጠቆረ ነገር ቀረ። የደረሰው በዚያችው በቀጠሮዋ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። ተዋበች ወጥ ቤት ነበረች፤ ሳምሶን መኝታ ቤት ሸሚዙን ይተኩሳል። እኔ የወይኑ ዳስ ሥር መስታወት አንጠልጥዬ መቀባት ጀመርኩ። ከሥሩ፣ ከጸጉሩ ውስጥ፣ ቆዳው እስኪሰማው።

ወይ እፎይታ! ቀዘቀዘኝ። እውነቴን ነው፤ ከስንት ቀን በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እግሬን ዘረጋሁ። እርግቦቹን አየኋቸው፤ ይቅር አልኳቸው። ከዚያ መስታወቱን አየሁ።

ጺሜ ወይን ጠጅ ሆኗል።

አልደነገጥኩም፤ ሲታጠብ ይለቃል ብዬ ቧንቧው ጋ ሄድኩ። የድሬን ውሃ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ማንቆርቆሪያን ከውስጥ ድንጋይ የሚያለብስ ውሃ ነው። ያ ውሃ ሲነካው ጺሜ ሰማያዊ ወደ መሆኑ አዘነበለ። ይኼኔ ትንሽ ደነገጥኩ። የደነገጠ ሰው ደግሞ ወዴት ይሮጣል? ወደ ሳሙና። አሸሁት። አረንጓዴ ሆነ። ጨምሬ አሸሁት፤ አረንጓዴው ደመቀ። እያሸሁ፣ እየደመቀ፣ እያሸሁ፣ እየደመቀ፣ ሳሙናው እጄ ውስጥ ሊያልቅ ደረሰ።

«እመ ብርሃን!» አለች ተዋበች ከኋላዬ።

ዞር ስል አየችኝና በርጩማዋ ላይ ዘጭ ብላ ሳቀች። እስከ እንባዋ ሳቀች። ሳቋ በመሃል ቁርጥ ሲል ዓይኗን ተከትዬ አየሁ፤ ሳምሶን በተተኮሰው ሸሚዙ በሩ ላይ ቆሟል። ቢስቅብኝ በወደድኩ፤ ቢሰድበኝም በወደድኩ። ልጁ የሸሚዙን እጅጌ ቁልፍ ፈታ፣ መልሶ ቆለፈ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ገባ። አገጬ መቆጣቱን አቆመ፤ ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ያሳከከኝ ሌላ ቦታ ነው፤ እጅ የማይደርስበት።

ሐጂ ዩሱፍና ባሻ ደምሴ ባጃጅ ይዘው የመጡት በዚህ መሃል ነው። ሐጂ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አቦ! ይኼ ምንድን ነው?»

«የወይን አተላ ነው።»

«ወላሂ ጫት ነው የበቀለብህ! መጋላ ብታልፍ ነጋዴዎቹ አንዱን እስር ጫት በስንት ትሸጣለህ ይሉሃል።» ዞረኝ፤ ከጎን አየኝ። «ሒና ካማረህ ለምን ለእኔ አትነግረኝም ነበር ነፍሴ? እኔ እኮ ወዳጅህ ነኝ።»

«ልላጨው» ብዬ መቀስ ፍለጋ ተነሳሁ።

«ቁጭ በል!» አለች ተዋበች። «ሰውዬው ጉምሩክ ናቸው። ባለፈው ጺም ይዘህ ገብተህ ዛሬ ያለ ጺም ብትሄድ፣ የመጣው ሌላ ሰው ነው ብለው ከበር ይመልሱሃል።»

እውነቷን ነው። መቀሱን ተውኩትና ለሰብለ ደወልኩ። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ከወዲያ ማዶ ሰው ውሃ ትን ሲለው የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ መጣ።

«ጋሼ» አለች ትንፋሿን ሰብስባ፣ «አሲዱንስ አድርገውበታል?»

«የባትሪ አሲድ ጺሜ ላይ?»

«ሎሚ፣ ጋሼ! ሎሚ ይበቃ ነበር እኮ! ቀለሙ ኮምጣጣ ሲያገኝ ይቀላል፤ ሳሙና ሲያገኝ ይኼው እንዳዩት ነው። አሁንም ሎሚ ይጭመቁበት። ከዚያ በኋላ ግን ሳሙና እንዳይነካው!»

ተዋበች ቤት ውስጥ ያለውን ሎሚ ሁሉ አንድም ሳታስቀር ጨመቀችብኝ። ሽፍታው ላይ ሲያርፍ የዘለልኩትን ዝላይ አልነግራችሁም። ብቻ እዚያው ዓይናችን ሥር አረንጓዴው እየሸሸ፣ ጺሜ ከሥር ወደ ጫፍ ቀላ። ሐጂ ከእኔ ጺም ወደ መስታወቱ፣ ከመስታወቱ ወደ ራሱ ጺም አየ።

«የኔን መሰለ!» አለ ደስ ብሎት። «ሳትሄድ ሐጂ ሆንክ።»

«አሜን» አለ ባሻ።

የባጃጁ ሾፌር ልጅ በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሲያይ ነበር። ስንሳፈር በመስታወቱ እያየኝ፣ «አባባ፣ ቅድም አረንጓዴ ነበሩ፤ አሁን ደግሞ ቀይ ሆኑ። ልንዳ ወይስ ልቁም?» አለኝ።

«ንዳ!» አልነው ሦስታችንም፤ ባሻም ጭምር፤ ይቺን እንዴት እንደሰማት እንጃ።

መንገዱን ሁሉ ሐጂ ሲመክረኝ ሄደ። «ጺምህን አትንካ። በአላህ፣ አትንካ። ሳሙና የነካው ሰው እንኳን አያቅፍህ።» እሺ አልኩ። ዝንቡ ሎሚውን ሽቶ ከደቻቱ ድልድይ ጀምሮ ተከተለን፤ ዝንቡንም አልነካሁም። ሁሉን አሰብን፤ አንዲት ነገር ብቻ ረሳን። እሷም ሦስታችንን በሩ ላይ ቆማ ጠበቀችን። በርሜሏ።

አቶ በላቸው አጠገቧ ቆመዋል። «እንደምን ዋላችሁ» አሉ፤ ወደ ሳሙናው አመለከቱ። ሐጂ አየኝ፤ አየሁት። እምቢ ይባላል? ሐጂ ታጠበ፤ ባሻ ታጠበ። እኔ ሳሙናውን እጄ ላይ አረፋ አድርጌ ወደ ቧንቧዋ ስዘረጋ ጭል ጭል፣ ጭል፣ ከዚያ ቆመ።

«ውሃ ሄደ» አሉ አቶ በላቸው፤ የድሬ ሰው ይኼን ሲል እንደሚለው፣ ጎረቤት ሄደ እንደሚባለው። «በርሜሏን ሳንሞላት ሄዶ ነው። ግድ የለም፣ ይግቡ።»

በመሐረብ ጠረግሁት፤ እጄ ግን እንደ ዓሣ ያንሸራትታል። «ኪስህ ክተተው» ብሎ ሐጂ አንሾካሾከ። ሽማግሌ እጁን ኪሱ ከትቶ ልጅ ሊለምን? ወደ ኋላ አጣመርኩት። ሦስት ሆነን ሳሎኑ መሃል ቆምን፤ ሁለቱ ሽማግሌ ይመስላሉ፣ እኔ ተይዞ የመጣ እመስላለሁ።

«ባለፈው ጺምዎ ነጭ አልነበረም?» አሉ አቶ በላቸው።

«ነበር።»

«ከእኔ ጋር ስለሚውል ተጋብቶበት ነው» አለ ሐጂ ቶሎ ብሎ።

አቶ በላቸው አልሳቁም። ሻንጣ እንደሚከፍት ሰው ጎንበስ ብለው አዩኝ። «እሺ። ዛሬ አንድ ነገር ብቻ ነው የምጠይቅዎ። ይኼን ልጅ እርስዎ ነዎት ያሳደጉት። ልጄን ብሰጠው፣ እንደ እርስዎ ልጅ አድርገው ይመሰክሩለታል?»

ይኼን ጥያቄ ስንት ጊዜ በልቤ ተለማምጄዋለሁ። አፌን ከፈትኩ። ለካስ እኔ ጺሜን ሳልዳብስ ቁም ነገር አይወጣኝም። ዕድሜዬን ሁሉ እንዲህ ነው የተናገርኩት፤ እጅ ጺም ላይ ያርፋል፣ ቃል ይወጣል፤ እንደ ፍሬኑና እንደ መንኮራኩሩ። «ሳምሶን» ብዬ ስጀምር እጄ ከኋላዬ አምልጦ መጣና ጺሜን ከላይ እስከ ታች፣ ረጋ አድርጎ፣ በክብር፣ ዳበሰው።

ሐጂ ዩሱፍ ዓይኑን ጨፈነ።

ፊት ለፊቴ ባለው ቡፌ መስታወት ራሴን አየሁት። ጣቶቼ ባለፉበት ሁሉ አረንጓዴ መስመር ወርዷል፤ ዳርና ዳሩ ቀይ ነው። ባንዲራ ለመሆን ቢጫው ብቻ ነው የቀረው። አቶ በላቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ ከፍ አሉ። በክፍሉ ውስጥ ከዝንቡ በቀር የሚናገር ጠፋ።

«አሜን» አለ ባሻ ደምሴ።

ከዚያ ወዲያ ምን ይደበቃል? ሳምሶን የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ መልሶ ሲቆልፍ ታየኝ።

«አቶ በላቸው፣» አልኩ፣ «ባለፈው የምደብቀው ነገር አለ ብለውኝ ነበር። አለ። የደበቅሁት ሽፍታ ነው።» ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ማሳከኩ፣ ስለ ሰብለ፣ ስለ አተላው፣ ስለ እርግቦቹ፣ ስለ አረቄው፣ ስለ ባትሪ አሲዱ፣ ስለ ሎሚው። «ዛሬ ቀጥ ብዬ እቆም ብዬ ነው ይኼ ሁሉ። ልጁ ምንም የሚደበቅ ነገር የለበትም። ቢኖርበትስ እኔ ልደብቀው የምችል ሰው እመስላለሁ? አገጬን እንኳን መደበቅ አልቻልኩም።»

አቶ በላቸው ተነሱ። መጡ። «ይፍቀዱልኝ» አሉና የጺሜን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ይዘው አሹ፤ ጣታቸውን አሸተቱ፤ ወደ መስኮቱ አዙረው አዩት። በሕይወቴ እንደዚያ ተፈትሼ አላውቅም።

«ወይን ነው» አሉ።

«ወላሂ ወይን ነው፤ እኔ ግን አልቀመስኩትም» አለ ሐጂ።

ከመጋረጃው ጀርባ የሆነ ነገር ፈነዳ። የሴት ሳቅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ታፍኖ የቆየ። መጋረጃው ተገለጠና የልጅቷ እናት ወጡ። በአንድ እጃቸው የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ ይዘዋል፤ በሌላው ሰሐን። ሰሐኑ ላይ ለሁለት የተቆረጠ ሎሚ አለ።

እዚያ ቆመው የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ባላቸው ነው የዞሩት።

«እንግዲህ ስማኝ። ይኼ ሰው ለእህቱ ልጅ ብሎ ጺሙን እንዲህ ካደረገ፣ ለልጃችንማ ምን የማያደርግላት ነገር አለ? አንተ ለእኔ ጺምህን አንድ ቀን እንኳን አበላሽተህ ታውቃለህ?»

«እኔ ጺም የለኝም» አሉ አቶ በላቸው።

«እሱንስ ማን ከለከለህ!»

ከዚያ ወደ እኔ መጡ። «እጅዎን ወዲያ ያርጉት፤ ጺምዎን ያምጡ» አሉና ሎሚውን ራሳቸው ጨመቁብኝ። አቃጠለኝ፤ አልዘለልኩም። አላከክሁም። ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ሲመለስ አቶ በላቸው አንገታቸውን ሰግገው አዩት፤ አንዴ፣ ሁለቴ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሊስቁ ሲሉ ያዙት፤ ሲይዙት አመለጣቸው።

«ጺሙ የማይዋሽለት ሰው፣» አሉ ዓይናቸውን እየጠረጉ፣ «አፉም አይዋሽለትም። ተቀመጡ።»

በእኛ ደንብ ቆሞ የመጣ ሽማግሌ «ተቀመጡ» ከተባለና ከተቀመጠ ነገሩ አልቋል። ተቀመጥን። ባሻ ደምሴ አንዴ አቶ በላቸውን፣ አንዴ ወንበሩን አየና፣ «አሜን» አለ። ያቺን አሜን በቦታዋ ሲጥላት ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ጺሜ ነጭነቱን እስኪያገኝ ጊዜ ወሰደበት። ሠርጉ ላይ ጫፉ ገና ብርቱካን ነበር፤ ሐጂ ዩሱፍ ፎቶ ሲነሳ ከእኔ አጠገብ አልቆምም አለ፣ ወንድማማች ያስመስለናል ብሎ። ሽፍታዬ በአተላው ይሁን በሎሚው ወይም በድንጋጤው አላውቅም፣ ለቀቀኝ፤ ሰብለ «ይኼ ማስረጃ አይሆንም ጋሼ» ትላለች። አሁን ወይኑ ሲጨመቅ አተላውን ሁሉ ለእሷ ነው የምጭንላት፤ ከጋኑ ጀርባ ባልዲ መኖር አለመኖሩን ተዋበች ራሷ ታያለች።

ከዚያ ጣጣ ማን አወጣህ የሚለኝ ብዙ ሰው አለ። ሰብለ ናት እንዳልል፣ እሷ በስልክ ነበረች። ሐጂ ነው እንዳልል፣ እሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር። የወይኑ ወራት በመጣ ቁጥር ከግቢያቸው ዛፍ ሎሚ በዘንቢል የሚልኩልኝ አሉ፤ «ለማንኛውም ይቀመጥ» ብለው። የትዕግስት እናት፣ የሳምሶን አማት፣ ወይዘሮ ዘነበች።